ያለ ግልባጭ የተላከ ገጽ

ሰውዬውን ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ የልጅ ልጄም አይታው አታውቅም። የሚተዋወቁት በደብዳቤ ብቻ ነው። እሷ የጻፈችውን ይመረምራል፣ ካልጣመው ይመልሳል። አራት ጊዜ መልሶባታል። አምስተኛውን እስከ ዓርብ ካልተቀበላት የዚህ ዙር ሥራ መቀበያ በር ይዘጋል፣ የሥራ ውሏም አብሮ ያበቃል። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ስልክ ስታወራ በሯ ሥር ቆሜ የሰማሁት ነው።

ሥራዋን ደጋግማ አስረድታኛለች። ከርነል የሚሉት የኮምፒውተሩ እምብርት ነው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያኖራሉ፣ እንደ ተከራይ። ተከራዩና አከራዩ የሚነጋገሩበት ቀዳዳ ሶኬት ይባላል፤ የግድግዳው አይደለም። እስካሁን ተከራዩ የሚልከው ሁሉ እየተገለበጠ ነበር የሚሄደው፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። የእሷ ሥራ ግልባጩን ማስቀረት ነው። ተከራዩ የጻፈው ገጽ ከቦታው ሳይነሳ አከራዩ እዚያው ያነበዋል።

እኔ መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ግልባጭ ያልቀረለት ወረቀት ሲወጣ ካየሁ ዛሬም ልቤ ይመታል። ቢጠፋስ ስላት አይጠፋም ትለኛለች።

የፈራሁት አልቀረም። ሰውዬው፣ በላክሽልኝ መሞከሪያ ፕሮግራም ሺህ ገጽ ብልክ ሁለት ሦስቱ ተበላሽቶ ይደርሳል ብሎ ጻፈላት። እሷ ሥራዋን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች፤ እንከን አጣች። እንግዲያው እሱ አንድ ነገር ነካክቷል አለች። እኔም ዝም አላልኩም፤ አንቺን ጥሎ ሥራሽን በራሱ ስም ሊያወጣው ነው አልኳት። እሳት ላይ ጭድ መጨመሬን አላጣሁትም፤ ግን የልጅ ነገር አያስችልም። ተቀምጣ የክስ ደብዳቤ ጀመረች፣ የሙያ ጓደኞቿ ሁሉ የሚያነቡት።

ረቡዕ ጠዋት ልጄ፣ የእሷ እናት፣ ከፋርማሲ ተቆጥታ ገባች። ወጥ ቤታችን ውስጥ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅላለች። መድኃኒቶቼን እዚያ እጽፋለሁ። ልጄ ወረቀት ላይ መገልበጥ ከተወች ቆይታለች፤ ፋርማሲው ስትደርስ በቪዲዮ ትደውላለች፣ እኔ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ወደ ሰሌዳው አዞርላታለሁ። ሁለቱን መድኃኒት በትክክል ገዝታለች። ሦስተኛው ላይ ግን የቧንቧ ጎማ ስጡኝ ብላ ተሰላፊው ሁሉ ሳቀባት።

የጻፍኩት የዓይን ጠብታ ነው ብዬ ማልኩ። መጀመሪያ ስልኩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ፋርማሲስቱን፤ ያ ሰው መቼም ዓይኑ አያምረኝም።

የልጅ ልጄ ጫጫታውን ሰምታ ከክፍሏ ወጣች።

«እማማ፣ ሰሌዳውን መቼ ነው ያጠፋሽው?»

ነገርኳት። ስልኩን ካዞርኩ በኋላ ቧንቧ ሠሪው በሌላው ስልክ ደወለና ጎማ ግዙ አለ፤ ከታች ያለውን በእጄ ጠርጌ ያንን ጻፍኩ።

«እሷ አንብቤ ጨረስኩ ብላሽ ነበር?»

«አሳየኋት እኮ ልጄ። ካሳየኋት ወዲያ ምን ቀረ?»

የልጅ ልጄ ሰሌዳውን ትክ ብላ አየችው፣ ከዚያ በሩን ሳትዘጋ ክፍሏ ገባች። ጠረጴዛ የምወለውል መስዬ ተከተልኳት።

መሞከሪያ ፕሮግራሙን የጻፈችው ራሷ ናት። አንዱን ገጽ ይልካል፣ አከራዩ አንብቦ ሳይጨርስ እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ይጽፋል። አንብቤ ጨርሻለሁ የሚል ምልክት ይመጣል፣ ግን የሚመጣው ስህተቶች በሚሰለፉበት መስመር ነው። ስህተት የለብኝም ብላ ያንን መስመር አንድም ቀን አልከፈተችውም። ደግ ወሬ በስህተት በር የሚገባበት ምን ዓይነት ቤት ነው ስላት፣ ከመጀመሪያውም እንዲያ ነው የተሠራው አለች።

የክሱን ደብዳቤ ልታጠፋው ስትል እጇን ያዝኩ።

«ግልባጭ አስቀሪለት እንጂ።»

«የዚህስ ግልባጩም ዋናውም አይቅር፣ እማማ።»

ጥፋቱ የመሞከሪያዬ ነው፣ ሳልጠብቅ እየጻፍኩበት ነበር ብላ ከተስተካከለው ጋር ለሰውዬው ላከች። ሁለት ቀን መልስ መጣ አልመጣ እያለች ኮምፒውተሩ ላይ ተተከለች፤ እኔም ለምግብ እየተጠራሁ አልመጣሁም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ። ተቀብሏታል። ከታች ደግሞ፣ ሰሞኑን የራሴን ማሽን ስጠረጥር ከርሜ ነበር፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ይላል። እኛ እሱን ስንጠረጥር እሱ የራሱን ዕቃ ሲጠረጥር ነበር። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲስቁ አየሁና እኔም ዓይኔን ጠራረግሁ፤ ጠብታው ነው አልኳቸው።

ደብዳቤውን መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአንጀቱ የጻፈው ይመስላል። ቢሆንም እንዲህ ትሁት የሆነ ሰው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥስ? ቃል በቃል በእጄ ገለበጥኩት፣ ቀኑን ጻፍኩበት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።