የጉድጓዱ ማሽላ

መሐመድዘይን ደግ ሰው ነበር። አዳማ በሙሉ ይመሰክርለታል፤ እሱም ቢሆን አይክድም። ከወሎ፣ ከቃሉ መጥቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ እህል መነገድ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን አገሩን አላየም፤ በየዓመቱ «ለከርሞ» የሚያስብል ጉዳይ አያጣም ነበር።

መጋቢት ላይ ሳሊህ የሚባል የሲራራ ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ ከዚያው አገር መጣ። ይዞት የመጣው ወሬ ግን ደግ አልነበረም። አንበጣ የቃሉን አዝመራ ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። ከሞት የተረፈው ሰው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ቆልቶ ጨርሷል።

«መሬቱ አለ፣ ዝናቡም እየመጣ ነው» አለ ሳሊህ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ቆሞ። «የሌለው የሚዘራ ፍሬ ነው። የሚበላ ስጡኝ አልልም፤ በእኔ አህዮች አገር አይጠግብም። ዘር ስጡኝ።»

መሐመድዘይን ቤት ሁለት ዓይነት ማሽላ ነበር። አንዱ ጓሮ፣ በአገሩ ልማድ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አፉ ተመርጎ ተቀብሯል። የጉድጓድ ማሽላ ለገንፎም ለቂጣም ግሩም ነው፤ ዓመት ከሞላው በኋላ ግን አይበቅልም። ሙቀቱ ይገድለዋል። የአዳማ ሰው እህሉን በጎተራ ስለሚያኖር ይህን ላያውቅ ይችላል፤ የቃሉ ሰው ግን በልጅነቱ ያውቀዋል። ሁለተኛው ማሽላ ማድ ቤት ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ነው። ከነዛላው ተመርጦ፣ ጢስ ጠጥቶ የጠቆረ፣ የማይነቅዝ፣ አንድ ፍሬው እንኳ የማይመክን ዘር ነው። በዘር ወቅት ገበሬው ሁሉ እሱን ፍለጋ ደጁን ይጠናል።

መሐመድዘይን ጉድጓዱን ከፈተ።

«ከላይ ከላዩ ያለውን ሙቀቱ አልነካው ይሆናል» አለ ለራሱ። ከዚያም ሽታው እንዲለቀው ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣው። የማያውቅ ሰው ሽታ አያስለቅቅም። እሱ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

በመስጊዱ ግቢ ትልቅ የበሬ ቆዳ ተነጥፎ የሁሉም እህል እዚያ ላይ ተደባለቀ። የማን አነሰ፣ የማን በዛ እንዳይባል የአዳማ ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርገው። መሐመድዘይን አራት ስልቻ ገለበጠ። ከእሱ ቀጥሎ ከጣቢያው ማዶ የሚኖሩት የሸዋዋ ባልቴት ወይዘሮ በላይነሽ አንድ ቁና ይዘው መጡ። ጢስ የጠገበ፣ ጥቁር ዘር ነበር።

«ለጓሮዬ ያኖርኩት ነው» አሉ። «እኔ ዘንድሮ ጎመን ብተክልስ ምን እሆናለሁ?» ብለው ከእሱ ክምር ላይ አፈሰሱት።

ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ሼሁ «አራት ስልቻ ለሰጠ ወንድማችን አላህ ይጨምርለት!» ብለው ዱዓ ሲያደርጉ ከሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሚን» አለ።

ሳሊህ ጭኖ በሄደ በአራተኛው ቀን ሚስቱ ዙለይካ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጥታ ፊቱ ዘረጋችው። ከጉድጓዱ የተረፈውን ጥቂት ፍሬ ቋጥራ ኖሯል። ፍሬው ሻግቷል እንጂ አንዱም ብቅ አላለም።

«እርስዎ ያውቁ ነበር» አለችው።

ጨርቁን መልሶ አጠፈው።

«እኔም አውቅ ነበር» አለች ዙለይካ። «ከምድጃው ስር ቁጭ ብዬ የተሰቀለውን ሽቅብ እያየሁ ዝም አልኩ። በርሃብ ያለቀው ሳያንስ፣ የተረፈው ሰው ባዶ ማሳ ሲጠብቅ ሊከርም ነው።»

ዛላውን አንድ ሳያስቀሩ አወረዱት። ሁለቱም ምንም ሳይነጋገሩ ወቁት። ሁለት ስልቻ ወጣው። መሐመድዘይን በአህያ ጭኖ በቅሎውን እየኮለኮለ እነሳሊህን ተከተለ፤ ጣርማ በርን ከወረዱ በኋላ ደረሰባቸው። በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ሲያሳምር ሰንብቶ ነበር። ሳሊህን ሲያየው ግን ያሳመረው ሁሉ ጠፋውና እንዲያው እንደመጣለት ተናገረ።

ሳሊህ አልተቆጣም። ከአንዱ ጭነት እፍኝ ማሽላ ዘግኖ መዳፉ ላይ ዘረጋለት።

«በል ለይልኝ» አለው።

አይለይም። የወይዘሮ በላይነሽ ዘርና የእሱ በድን አንድ ላይ ሆነዋል።

«ወፈር አድርገው እንዲዘሩት ንገርልኝ» አለ መሐመድዘይን። «ግማሹ ቢመክን ግማሹ ይበቅላል።»

«እህሉን አህዮቼ ይሸከሙታል» አለ ሳሊህ። «ይህን ቃል ግን አንተው ተሸከመው።»

እንዲህ ሆኖ ሃያ ዓመት ያልረገጠውን አገሩን ረገጠ። የመንደሩ ሰው ቁናውን ይዞ ተሰልፎ ጠበቃቸው። ሰዎቹ ከመክሳታቸው የተነሣ የሚያውቀውን ፊት ፈልጎ አጣ። ሽማግሌው ሼህ ደሊል ቤት ለቤት የሚዳረሰውን ልክ አስልተው ሊሰፍሩ ሲሉ ወደ መሐል ገባ።

«ግማሹ አይበቅልም» አለ። «የማይበቅለው የኔ ነው። እያወቅሁ ነው የሰጠሁት።»

የሰደበው የለም። ስድብም ጉልበት ይፈልጋል። ሼህ ደሊል ብቻ ለአንድ ቤት አንድ ቁና ያሉትን ሁለት አደረጉት። የተደባለቀው ማሽላ ሰልፉ እኩሌታ ላይ ሲደርስ አለቀ። ከዚያ መሐመድዘይን ያመጣውን ጥቁር ዘር ለአንድ ቤት አንድ ቁና እያሉ ይሰፍሩ ጀመር። ደረሰ፣ ደረሰ፣ መጨረሻዋ ሴት ዘንድ ሲደርስ አለቀ።

ስሟ ፋዲላ ነው። ቁናዋን እንደዘረጋች ቆማለች። መሐመድዘይን ስልቻዎቹን አንድ በአንድ ገልብጦ አራገፈ፤ በየስፌቱ የተሰገሰገውን በጥፍሩ እየፈለቀቀ አወጣ። ተጠራቅሞ እፍኝ እንኳ አልሞላም። አንገቱን ደፍቶ ሰጣት። እንድትረግመው ፈልጎ ነበር፤ ብትረግመው ትንሽ ይቀልለው ነበር።

«ከየት ነው የመጣኸው?» አለችው።

«ከአዳማ።»

«ይህን ሁሉ መንገድ፣ እውነቱን ለመናገር?» ማሽላውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «የረሳችሁን መስሎን ነበር። አላህ ይጨምርልህ፣ ወንድሜ።»

በዙሪያዋ የቆሙት ሁሉ «አሚን» አሉ። መሐመድዘይን ግን ሊል ሞክሮ አቃተው።