ጀርባዋን ሰጥታ ሰማችኝ

የልጅ ልጄን የምጠራት በእግሬ ነው። በአፍ መጥራት ከቀረ ቆየ። ወጥ ቤት ሆኜ ስፈልጋት ወለሉን በተረከዜ ደለቅ ደለቅ አደርገዋለሁ። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ንዝረቱ እሷ ያለችበት ክፍል ድረስ ይሄዳል፤ እሷም ከመጽሐፏ ቀና ብላ «አቤት እማማ!» ትላለች። አቤት የሚል ሌላም ሰው አለ፤ ከታች ያለው ልብስ ሰፊ። «እትዬ! ዛሬስ ጣሪያው አናቴ ላይ መውረዱ ነው!» ይላል በመስኮት። «ይውረድና በመርፌህ ስፋው!» እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ስንት ዓመት ኖርን።

ፌንጣ እንላታለን። ዳዴ ሳትጨርስ መዝለል የጀመረች ልጅ ነበረች። በስድስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛት፤ ነፍሷን ትቶልን ጆሮዋን ይዞ ሄደ። የታመመችው መናገር ከለመደች በኋላ ስለሆነ አፏ አልተዘጋም፤ ቃሏ ወፈር፣ ጎተት ቢልም ትናገራለች። ፊት ለፊቷ ቆመው ሲያናግሯት ከንፈር ታነባለች። ዞር ያሉባት ጊዜ ግን አለቀ። መምህር ወደ ሰሌዳው በዞረ ቁጥር ለእሷ ትምህርቱ ይቋረጣል ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ስጉ ነኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ የማልፈራው ነገር ስለሌለ ምን ሊደርስብኝ እንደሚችል እናንተው አስቡት። ዝም አይነቅዝም ቢባልም ሳላጉረመርም ውዬ አላውቅም። በተለይ ከፌንጣ ጀርባ ስሆን፣ ማን ሊሰማኝ ብዬ፣ ልቤ ያለውን ሁሉ አፌ ይለዋል።

በዚህ ዓመት የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በዝናብ ተበላሸና እስኪጠገን ትምህርቱ በኢንተርኔት ሆነ። በክፍል ውስጥ ከፊት ተቀምጣ የመምህሩን አፍ እያየች እንደምንም ትከተል የነበረች ልጅ፣ በስክሪን እንዴት ልትሆን ነው? እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ነርስ ናት፤ ከሥራ ጓደኛዋ አሮጌ ላፕቶፕ ተውሳ አመጣች። ሲከፈት አየሁት፤ መምህሩ የቴምብር ያህል ሆኖ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ምስር ታክላለች።

«ምኑን ታነበዋለች?» አልኩ። «ልጅቷን ሜዳ ላይ ጣላችኋት!»

«እማዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አለች ልጄ። አንድ ስልክ በመደገፊያ አቁማ ከላፕቶፑ አጠገብ አደረገችው። «መምህሩ ሲናገር ይሄ ይጽፍላታል።»

«ማን ነው የሚጽፈው?»

«ስልኩ።»

«እጅ ሳይነካው?»

«እጅ ሳይነካው።»

መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። የሳይንስ መምህሩ «ዛሬ ስለ ደመና እንማራለን» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ፊደሉ ስልኩ ላይ ተደረደረ። አየሩ ላይ የተናገረውን አንድ ሰው ከሥር ከሥሩ እየተከተለ የሚለቅመው ይመስላል። አንዱን ቃል አሳስቶ ይጽፍና፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ተመልሶ ያርመዋል። ሰው ሆኖ ስህተቱን ተመልሶ የሚያርም ስንት አለ? እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ በእኛ ጊዜ መምህሩ የተናገረውን በጆሮህ ካልያዝከው በዚያው በነነ ማለት ነበር። አሁን ግን የተነገረ ቃል ቆሞ ይጠብቃታል።

እንዲያም ሆኖ ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም። ካሜራው እንዳያየኝ ከበስተኋላዋ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሆኜ የስልኩ ፊደል ጉንዳን ነው የሚመስለኝ፤ መነጽርም አይረዳኝም። ሥራዬ ስሟ ሲጠራ ትከሻዋን ነካ ማድረግ ነው። ድንችም እልጣለሁ፤ አጉረመርማለሁም። የሳይንስ መምህሩ ፀጉር ወፍ ቢገባበት መውጫ የሚያጣበት ነው። «ይሄ ሰው ሚስት የለውም?» እላለሁ። «ማበጠሪያስ የሚያበድረው ጎረቤት ጠፋ?»

እንዲህ ስል የፌንጣ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ስጠጋ ለካ እየሳቀች ነው። ስለ ደመና ምን ያስቃል? ሌላ ቀን ስለ እንቁራሪት ሲማሩ ሳቀች። ሌላ ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት ዓይኗን ጠራረገች። አሁን ነው የፈራሁት።

«ልጅቷን ይሄ ነገር ሊያሳብዳት ነው» አልኳት ለእናቷ። «ብቻዋን ትስቃለች።»

«እማዬ፣ ስታለቅስም ታለቅሻለሽ፤ ስትስቅም ልታለቅሺ ነው?»

«አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፤ የማያት እኔ ነኝ!»

የትምህርት ዓመቱ ሊያበቃ ሲቃረብ መምህሩ እናቷን አስጠርቶ በስክሪን አነጋገራት። የፌንጣ የጽሑፍ ፈተና ደህና ነው፤ በቃል የሚሰጠው ነጥብ ግን ባዶ ነው፤ እጇን አውጥታ አታውቅም። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ትምህርት መርጦ ራሱ ያስተምራል፤ ጥያቄም ተቀብሎ ይመልሳል። ይህን ካለፈች ከጓደኞቿ ጋር ወደ ስምንተኛ ትሄዳለች። ካላለፈች ዓመቱን ትደግማለች። ያለ ማንም ረዳት ነው፤ ከኋላ የሚነካት ሰው እንዳይኖር። ይቺ ለእኔ ነች።

«ሄጄ ልለምነው» አልኩ። «ይሄንንም በጽሑፍ ይፈትናት። ሰው ፊት አቁሞ ምን ያደርጋታል? ቃሏን ሰምተው ቢስቁባትስ?»

ፌንጣ ከንፈሬን እያየች ነበር። «እማማ፣ እንዳትሄጂ» አለችኝ።

«እሺ፣ ምን ልታስተምሪ ነው?»

«ስለ ድምፅ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ድምፅ።»

«ምነው ስለ ባቄላ ብታስተምሪ! ባቄላ ምን አደረገሽ? ይበቅላል፣ ያብባል፣ አለቀ!»

ሳቀችብኝ እንጂ ሐሳቧን አልለወጠችም።

ቀኑ ደረሰ። ከረፋዱ ጀምሮ ቤቱን ሦስቴ ጠረግኩት፤ ላፕቶፑ አቧራ የሚያይ ይመስል። እናቷ ተረኛ ስለነበረች ቤት ውስጥ እኔና ፌንጣ ብቻ ነን። ጎድጓዳ ሳህን አመጣች፤ አፉን በስስ ፌስታል ወጥራ በላስቲክ አሰረችው፤ በላዩ ጨው በተነችበት። ካሜራውን ወደ ሳህኑ አዘነበለች። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ እጆቼን ከጭኔ ሥር ደበቅኋቸው፤ ሳላስበው እንዳልነካት።

ልጆቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ያን ቀን ሁሉም ካሜራቸውን ከፍተው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንዱ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፤ አንዷ ከኋላዋ ልብስ ተሰጥቷል፤ የሌላዋ ታናሽ ወንድም ጠረጴዛ ሥር ይሽሎከለካል። የስንት ሰው ቤት ግድግዳውን አፍርሶ እኛ ጠረጴዛ ላይ መጥቶ ተቀመጠ! ያ ሁሉ ዓይን ደግሞ የሚያየው የእኔን ልጅ ነው።

ፌንጣ ጀመረች። ቃሏ እንደ ሁልጊዜው ጎተት አለ፤ የሳቀ ግን አላየሁም። ድምፅ ማለት መንቀጥቀጥ እንደሆነ፣ በአየርም በውሃም በእንጨትም እንደሚሄድ ተናገረች። እጄ ከጭኔ ሥር ሊወጣ ነው።

«ጥያቄ ያለው?» አለ መምህሩ።

አንዲት ወፍራም መነጽር ያደረገች ልጅ እጇን አወጣች። «አንቺ ድምፅ አትሰሚም አይደል? ታዲያ ይሄ ሁሉ እውነት መሆኑን በምን አወቅሽ? ከመጽሐፍ ነው?»

ፌንጣ ዝም አለች።

መምህሩ ይጠብቃል። ልጆቹ ይጠብቃሉ። ፌንጣ አንገቷን ደፍታ ጠረጴዛውን ታያለች። አፌ መቼ አርፎ ያውቃል፤ በለሆሳስ እንዲህ አልኩ፦ «አልሰማችም እኮ። ልጄን እሳት ውስጥ ጣሏት። ምናለ እኔን ቢያፋጥጡኝ፣ እሷን ቢተዉልኝ።»

ፌንጣ ዞር ሳትል፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ሰምቻለሁ እማማ» አለች። «እያሰብኩ ነው።»

አልነካኋትም። ወለሉን አልመታሁም። ከንፈሬን አላየችም። ከጀርባዋ ሆኜ በሹክሹክታ የተናገርኩትን መለሰችልኝ! እንዴት ከበርጩማዬ እንደተነሳሁ አላውቅም፤ በርጩማው ተገለበጠ፤ ባለኝ አቅም ሁሉ «ሰማች! ኧረ የሰው ያለህ፣ ልጄ ሰማች!» ብዬ ጮህኩ። ያንን የመሰለ ድምፅ ከእኔ ወጥቶ አያውቅም። ሳህኑ አጠገብ ደርሼ ኖሯል የጮህኩት፤ ጨዉ ከፌስታሉ ላይ ብድግ ብድግ አለ።

ልጆቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

«አያችሁት?» አለች ፌንጣ። ጣቷን ወደ ሳህኑ ቀስራለች። «አያቴ ስትጮህ እኔ አልሰማሁም። ጨዉ ግን ሰማ።»

አልሰማሁም ነው ያለችው። ወደ ሰማይ የወጣው ልቤ በአንድ ቃል ተመለሰ። ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። እሷ ግን አላቆመችም።

«በምን አወቅሽ ላልሽኝ» አለች ለመነጽራሟ፣ «ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አያቴ ስትጠራኝ ወለሉን በእግሯ ትመታለች። ስሜ በእግሬ ነው የሚመጣው። ሌላ ሰው ሲመታና እሷ ስትመታ እለየዋለሁ። ስትቆጣና ስናፍቃትም እለየዋለሁ።» ዞራ አየችኝ። «እማማ፣ ጥሪኝ።»

እንዲያው በዘልማድ ተረከዜን ደለቅ ደለቅ አደረግሁት። ንዝረቱ በሳንቃው ሄዶ፣ በጠረጴዛው እግር ወጥቶ፣ ጨዉን አዘለለው። ዓይኔ እያየ ነው። ለካ እነዚያን ዓመታት ሁሉ እየጠራኋት ወለሉ ላይ የምልከው ነገር መልክ ኖሮት፣ እየተጓዘ፣ እሷ ዘንድ ይደርስ ነበር። እግሬ የሚያደርገውን እኔ አሁን ገና አየሁት።

ከታች የልብስ ሰፊው ድምፅ በመስኮት መጣ፦ «እትዬ! ኧረ ዛሬስ ምን ጉድ ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ለካ እሱም ይሰማቸዋል። ፌንጣ ስልኩን ቃኘት አድርጋ «ከታች ያሉት ጋሼ ደግሞ በጣሪያቸው ነው የሚሰሙት» አለች። መምህሩ ያን ፀጉሩን በሁለት እጁ ይዞ እስኪበቃው ሳቀና፣ መነጽራሟን «መልስ አገኘሽ?» አላት።

«አግኝቻለሁ» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ ሳይፈቀድላት «ጨው ላምጣ?» ብላ ጠፋች። ስትመለስ ሳህን ይዛለች። አንዱ ምንጣፍ ላይ ሩዝ በተነ። ሁሉም በየቤቱ ይጮኻል። መምህሩ «በቃ፣ በቃ፣ ጎረቤት ሊወቅሰኝ ነው!» ይላል። በመሃል ወደ ካሜራው ተጠግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ፌንጣን ብቻ አናገራት፦ «ስምንተኛ ክፍል እንገናኛለን።»

ላፕቶፑ ሲዘጋ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። «ካልሰማሽ» አልኳት፣ «ያንን እንዴት መለስሽልኝ?»

ስልኩን ከመደገፊያው አንስታ ሰጠችኝ። መነጽሬን አደረግሁ። የመምህሩ ቃል አለ፤ የመነጽራሟ ጥያቄ አለ። ከሥሩ ደግሞ፦ አልሰማችም እኮ ልጄን እሳት ውስጥ ጣሏት።

«ይሄ የመምህሩን አይደል እንዴ የሚጽፈው?»

«ሰው አይመርጥም እማማ። ቤት ውስጥ የተነገረውን ሁሉ ይጽፋል።»

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሚጽፍ ግድግዳ ግን ማን ያውቃል? «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነቢኝ?»

«ከደመናው ቀን ጀምሮ።»

ያ ፀጉር! ያ ማበጠሪያ! ፊቴ ጋለ። «መምህሩም ሰምቶኛል?»

«ማይኩን ዘግቼው ነበር፤» አለችና ትንሽ አሰበች፤ «አብዛኛውን ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ አንቺ ጉድ?»

«ብነግርሽ ዝም ትይ ነበር።»

እሷ ቀጠለች፤ «ከጀርባዬ ያለው ቤት ባዶ ይመስለኝ ነበር እማማ። ፊቴ ያለውን ብቻ ነበር የማውቀው። ለካ አንቺ ስታወሪ ትውያለሽ።»

እቅፍ አደረግኋት። ትከሻዋ ላይ አፌን ቀብሬ የተናገርኩትን ግን ስልኩም አልሰማው፤ እሱን ለእሷና ለእኔ እንተወው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀኑ ጨለምለም ሲል እሷ ጠረጴዛው ላይ ታነባለች፤ ስልኩ ከፊቷ ቆሟል፤ እኔ ከኋላዋ ድንች እልጣለሁ። የምለው እንደሚነበብ ካወቅሁ በኋላ አፌ ፈራ። ያን ሁሉ ስቀባጥር የኖርኩት ሴትዮ፣ ቃል እንደ አዲስ መምረጥ ጀመርኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት ይህን ነው፦ «ፌንጣ፣ መብራቱን አብሪው፣ ዓይንሽን ልታጠፊው ነው።»

እግሬን አላነሳሁም። እሷም አልዞረችም። እጇን ብቻ ዘርግታ መብራቱን አበራችው። ቤቱ ወገግ አለ።

ብዙም ሳይቆይ ከታች ተጠራሁ። «እትዬ! ደህና ናችሁ? ወለሉ ዝም ሲል ጊዜ ሐሳብ ገባኝ!»

ቃሉ ስልኩ ላይ ተደረደረ፤ ፌንጣ አንብባ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «እማማ፣ አንዴ ምቺላቸው» አለች።

ተረከዜን አንስቼ ደለቅ አደረግሁለት።