የሴትዮዋ ግራ ቅንድብ

ፊቴን አይታው ቢሆን ኖሮ ታውቀኝ ነበር። ግን መቼ አይታው! ያን ቀን ያየችው አንገቴን ብቻ ነው።

ልጇ ሊያገባኝ ቃል ገብቶልኝ፣ ከእናቱ ሊያስተዋውቀኝ ቤታቸው ወሰደኝ። ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ የሚወርድ የሐረግ ንቅሳት አለኝ። በልጅነቴ የፈላ ውሃ ተደፍቶብኝ የተረፈኝን ጠባሳ ነው የሸፈንኩበት። ድሮ ጠባሳውን የሚያይ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጥልኝ ነበር። ሐረጉን ከተነቀስኩ ወዲህ ግን ሰዉ ወይ ያደንቀኛል ወይ ይሰድበኛል። ከንፈር ከሚመጥጡልኝ ቢሰድቡኝ እመርጣለሁ፤ የኔ ነገር እንዲህ ነው። ልጇ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቅጠሎቹን እየዳሰሰ ታሪኩን ስንቴ አስደግሞኛል።

ሴትዮዋ ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጣ አንገቴን አየችና ግራ ቅንድቧ ብቻውን ሽቅብ ወጣ። ሌላው ፊቷ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ ወደ ልጇ ዞረች።

«ይሄ እስከ መቃብር አይለቅም» አለችው። «ገላዋን ግድግዳ ያደረገች ልጅ እኔ ቤት አትገባም።»

እኔ የጠበቅሁት ከእሱ ነበር። «ተቃጥላ ነው እኮ» ቢላት ይበቃኝ ነበር። እሱ እቴ! ምላሱን ውጦ ምንጣፉን ሲያይ ቆየ። በሳምንቱ በስልክ ተሰናበተኝ።

ቂም ያዝኩ። እርግፍ አድርገሽ ተይው ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ቀላል ነው። ያን ጊዜ ጸጉር ቤት ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። በእልህ ንቅሳት ተማርኩ፤ ቆይቼም የራሴን ቤት ከፈትኩ። አበባ፣ ስም፣ ወፍ እነቅሳለሁ፤ ቅንድብ ለሳሳባቸውም ቅንድብ እሠራለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ከጠዋቱ እግር ጥሏት ራሷ ሴትዮዋ ከች አለች። እኔ ማስክ አድርጌያለሁ፤ የሥራ ካፖርቴ ኮሌታ እስከ አገጬ ተቆልፏል። አላወቀችኝም። እኔ ግን አፏን እንደከፈተች በድምጿ አወቅኋት። በወጣትነቷ ስትለቅም ስትለቅም ቅንድቧ ተመናምኖ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ልጇ ሊያገባ ነው፤ ፎቶ ላይ ቅንድብ አልባ ሆና መታየት አሳፍሯታል።

ገና ከመቀመጧ፣ እሷ ታቱ የምትነቀስ ሰው እንዳልሆነች፣ ይሄ ኩል እንደ መኳል ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። «አዎ እትዬ፣ ኩል ነው» አልኳት። ኩል በመርፌ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚባል ሆዴ ያውቃል። አንቱታውንም ቢሆን ለሥራዬ ስል ነው የሰጠኋት፤ እዚህ አልሰጣትም።

የቅንድብ ሥራ ሕግ አለው። ደንበኛዋ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ፊቷን አላልታ፣ ሳታወራ ነው የሚለካው። መጀመሪያ በእርሳስ እንነድፋለን፤ መስታወት ይዛ አይታ «ይሁን» ካላለች መርፌ አይነሳም። እንዴት እንደምትፈልገው ስጠይቃት «እንደ ድሮዬ አድርጊልኝ» አለች።

እኔ እንኳን የድሮዋን ቅንድብ ልረሳ! ግን እርግጠኛ መሆን ፈለግሁና አስወራኋት። ስለሚነቀሱ ልጆች ምን እንደምታስብ ጠየቅኳት። ስለ እነሱ ስታወራ ያ የማውቀው ግራ ቅንድቧ፣ የቀረው ምልክቱ፣ ሽቅብ ወጣ። የት ድረስ እንደወጣ ለካሁ። ከዚያ ዝም በሉ፣ ፊትዎን አላሉ አልኳት፤ ሲረጋ ግራውን የነደፍኩት ንቀቷ የደረሰበት ከፍታ ላይ ነው። ቀኙን ግን በወትሮው ቦታው ነደፍኩት።

መስታወቱን ሰጠኋት። ደህና አድርገው ይዩት፣ ከተነቀሰ በኋላ መመለስ የለም ብዬ ደግሜ ነገርኳት። ዕድሜዋን ሙሉ መስታወት ውስጥ የምታየው ያንን ፊት ነው መሰለኝ፣ ፈገግ አለች። «ይሄው ነው! የድሮ ፊቴ ተመለሰ» አለች። እንግዲህ ውርድ ከራሴ። መርፌውን አነሳሁ። እንደዚያ ቀን አጥርቼ ሠርቼ አላውቅም።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሠርጉ በኋላ ብዙ ወራት አልፈው ተመልሳ መጣች። ሻሿን እስከ ዓይኗ ድረስ አውርዳዋለች። ቅንድቧን ስሠራላት «አንቺ ልጅ» ስትለኝ የነበረችው ሴትዮ አሁን «ልጄ» አለችኝ። የሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ ሙሽራዋን በንቀት እያየች ተነሥታለች። ልጅቷ ስጦታ ስታመጣ በንቀት፣ ሠርታ ስታቀርብ በንቀት ተቀበለቻት። መናቄ አይደለም፣ ቅንድቤ ነው እያለች ብትምል ማን ይመናት? ይህችኛዋን ደግሞ ከልቧ ነው የምትወዳት። በመጨረሻ ልጇ ሚስቱን ይዞ ከቤቷ ወጣ፤ በሩንም ዘጋባት።

እሰይ፣ የእጅሽን አገኘሽ ልል ነበር በሆዴ። እሷ ግን ወሬዋን ቀጠለች።

«ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ድሮ አንዷን ስትሰድቢብኝ ዝም አልኩሽ። ሚስቴን ግን አትነኪያትም› አለኝ።»

ለካ አፍ ነበረው! እኔን ሲያስበላ የዋጠውን ምላስ ለሌላ ሴት አወጣው፤ ያወጣሁለት ደግሞ እኔው ነኝ፣ በገዛ መርፌዬ።

ማስኬን አወለቅሁ። የካፖርቴን ኮሌታ ከፈትኩና አንገቴን አሳየኋት። ፊቴን አይታ አልለየችኝም፤ ሐረጉን ስታይ ግን ወንበሩን ጨበጠች። ቀስ ብላ ተጠግታ ቅጠሎቹን አተኩራ አየች። ያን ቀን ሳሎኗ ውስጥ ከተቀመጠችበት ሆና ያላየችውን አየች።

«ከሥሩ ጠባሳ ነው እንዴ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ተቃጥዬ ነው።»

ከዚያ ቅንድቧን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ይለቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ከእንባው በላይ ያ ቅንድብ አሁንም ይንቀኛል።

«እስከ መቃብር አይለቅም፣ እትዬ» አልኳት።

ውሸቴን ነው። የቅንድብ ቀለም እንደ አንገቴ አይደለም፤ ስስ ነው፣ በዓመት በሁለት ዓመት ይደበዝዛል። ከፍታው እንዳይታይ አድርጌ ማስተካከልም እችል ነበር። አልነገርኳትም። ሻሿን አውርዳ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች ልጅ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የእናቷን ስም እጇ ላይ ማስነቀስ ነው የፈለገችው። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግታዋ ጠፋ።

«ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ? ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ምንም አላጠፋሽም አልኳትና ማስኬን መልሼ አደረግሁ። ማስክ ደግሞ ቅንድብ አይሸፍንም።