ቅጂ የሌለው ቁልፍ

አግዳሚ ጎደለ ተብሎ ነው የወጣችው። ሐዘኑ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል፤ ቤቱ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። የሟች ሚስት ደግሞ ከቤት የምትወጣበት ሰበብ ስትፈልግ ነው ያረፈደችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጥግ ይዛ አቀርቅራ ስትሠራ ስለኖረች ሰው እያያት ማልቀስ አልሆንልሽ ብሏታል። «አናጢው ጋ አግዳሚ አይጠፋም፣ እኔው አመጣለሁ» ብላ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ ወጣች።

የአናጢው ሱቅ ዝግ ነበር። የተዘጋበት ጓጉንቸር አዲስ ነው፤ የዋጋው ወረቀት ከጀርባው ገና ተልጦ አላለቀም። ወደ ቀኝ ዞር ስትል የፀጉር አስተካካዩም በር አዲስ ጓጉንቸር አንጠልጥሏል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማየት አልፈለገችም፣ ግን አየችው።

በዚህ መደዳ ሰባት ሱቆች አሉ። አንዱ የባሏ፣ የቁልፍ ቀራጩ፣ ነው፤ የሰባቱንም በር ቁልፍ የገጠመው እሱ ነበር። ትናንት ቀበሩት። ዛሬ ቁልፋቸውን ቀየሩ።

ባዶ እጇን ስትመለስ የሟች ታላቅ እህት በር ላይ ጠበቋት።

«አግዳሚውስ?»

«ዝግ ነው፣ እቴቴ።»

ስለ ጓጉንቸሩ አልነገረቻቸውም። እቴቴ ከሰሙ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ነገሩን ለማወቅ ብዙ አልቆየችም። ሻይ ልትቀዳ ወጥ ቤት ስትገባ የፀጉር አስተካካዩ ድምፅ በመስኮት መጣ። ለዚህ ሰው ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም፤ ሃያ ዓመት ከፀጉር መቁረጫው ማሽን ጋር እየተፎካከረ ያወራ ሰው ነው።

«ክፉ መናገሬ አይደለም፣ ነፍሱን ይማር» አለ። «ግን የማኅበራችንን ገንዘብ የያዘችው መሣሪያ እሱ እጅ ነበረች። ቁጥሯን የሚያውቀው እሱ ብቻ። ክፈታት ስንለው ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ስድስት ወር አለፈ። እንዲህ ያደረገ ሰው የሱቄን ቁልፍ ቅጂ አላስቀረም ብዬ እንዴት ልመን?»

«ሚስቱ ታውቅ ይሆናል» አለ ሌላ ድምፅ።

«ሳታውቅ ትቀራለች?»

ሻዩ ብርጭቆውን ሞልቶ ጣቷ ላይ ፈሰሰ። እውነትም የምታውቀው ነገር አለ። እነሱ የሚያስቡት ግን አይደለም።

ቁልፍ ቀራጩ ቀልድ የሚገባው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ረቡዕ የተቀለደውን ዓርብ ምሳ ላይ ብቻውን ይስቃል። ጓደኞቹም «ደረሰለት» ይሉ ነበር። በአንድ ነገር ላይ ግን ማንም አይቀልድበትም። «የሰው ቁልፍ እኔ ዘንድ አያድርም» ይላል። ሲቀርጽ የተበላሸበትን ቁልፍ ባለቤቱ ፊት ሞርሳ ውስጥ ከትቶ ይጨፈልቀዋል። ደንበኛ ቁልፉን ረስቶ ከሄደ ሱቁን ዘግቶ እቤቱ ያደርስለታል።

በተጋቡ በሦስተኛው ሳምንት፣ እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካላትን ምግብ አቅርባ፣ እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ ኪሱ ውስጥ የሰው ቁልፍ አገኘ።

«የቁም ሣጥን ቁልፍ ነው እኮ» አለችው።

«የሴትዮዋ ነው» ብሎ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ምግቡ ቀዘቀዘ፣ እሷም አኮረፈች። ሲመለስ እስከ ካልሲው ርሶ በር ላይ ቆሞ ስታየው ግን ሳቋ አመለጣት።

ገንዘቡን ለእሱ የሰጡት በዚህ ጠባዩ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የጣሪያ ማሳደሻውን ይዞ ተሰወረ። ባለሱቆቹ እንደገና አዋጡና የት እናስቀምጠው ብለው ሲጨነቁ፣ የመደዳው ታናሽ የሆነው ስልክ ጠጋኝ መላ አመጣ።

«ክሪፕቶ እንግዛበት» አላቸው። «ዲጂታል ገንዘብ ነው። ባንክ የለው፣ ጸሐፊ የለው፣ ነገ ተመለሱ የለው። ይዞት የሚጠፋ ሰውም የለው።»

የመጨረሻዋን ሲሰሙ ሁሉም ጆሯቸው ቆመ። ገንዘቡ ተገዛበት፤ መክፈቻውም አውራ ጣት በምታህል መሣሪያ ውስጥ ገባ። ስድስት አሐዝ ያለው ቁጥር ካልነገሯት አትከፈትም። ዐሥር ጊዜ ከተሳሳቱባት የያዘችውን ሁሉ ትሰርዛለች። ማን ይያዛት ሲባል ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሩ።

ቁልፍ ቀራጩ መሣሪያዋን አገላብጦ አያት። ሞረድ ያልነካው ቁልፍ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ወደዳት።

«ቅጂ አላት?» ሲል ጠየቀ።

ስልክ ጠጋኙ አንድ ወረቀት አወጣ። «እዚህ ዐሥራ ሁለት ቃላት አሉ፣ ጋሼ። መሣሪያዋ ብትጠፋ ወይ ቁጥሯ ቢረሳ በነዚህ ገንዘቡን እንመልሳለን። ሌላ ሰው ካገኛቸው ግን እሱም ይወስደዋል።»

«ቅጂ ነዋ።»

«እንደዚያ በለው፣ ግን...»

ግን ያለውን ሳይጨርስ ቁልፍ ቀራጩ ወረቀቱን በብየዳው እሳት አቃጠለው። ስልክ ጠጋኙ ራሱን ያዘ። ሌሎቹ አጨበጨቡ። አናጢውማ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ሰው ማለት አንተ ነህ» አለው። ያን ቀን እሷም እዚያው ነበረች፤ ባሏን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲጨበጨብለት ስታይ ኮርታ አጨብጭባለች።

በመጀመሪያው ዓመት ዋጋው እጥፍ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ በየሩብ ሰዓቱ ማሽኑን አስቀምጦ ስልኩን ያያል፤ አንድ ደንበኛ ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ ተቆጥቶ ሄዷል። ለጣሪያ የታሰበው ለፎቅም ይበቃል ተባለ። ጣሪያው ግን ያው ነው፤ ሲዘንብ አናጢው ጣውላውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያሸሽ ይውላል።

በሦስተኛው ቀን አናጢው ልቅሶ ሊደርስ መጣ። አጠገቧ ተቀመጠ። ሻይ ሲሰጡት አልጠጣም።

«እህቴ፣ ጊዜው አይደለም፣ አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «መሣሪያዋ ውስጥ ያለው የራሴ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ።»

«መሣሪያዋ እዚህ አለች። ቁጥሯን እኔ አላውቅም» አለችው።

አልዋሸችም። ግን ግማሹን ነው የተናገረችው፤ አናጢውም ፊቷን አይቶ ግማሽ መሆኑን ያወቀ መሰላት። ተነሥቶ ያጽናሽ ብሎ ሄደ።

ሌላው ግማሽ የጀመረው ያለፈው ዓመት ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመጣ ባሏ በራቸው ላይ ቆሞ የቁልፉን ቀለበት ያዞራል። ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ያያል። ሥራ ላይ ያለ መስሏት ልታልፈው ስትል ቀና ብሎ «የቱ ነው የኛ?» አላት። እንደ ቀልድ ነው የጠየቃት። ቀልድ እንደማያውቅበት የምታውቀው እሷ ናት።

ሐኪሙ የመርሳት ሕመም ነው አለ። ከዚያ በኋላ «እዚህ ብርሃን ይሻላል» ብላ የስፌት መኪናዋን ወደ ሱቁ አዛወረች። ደንበኛ ሲመጣ ስሙን ጠርታ ሰላም የምትለው ባሏ እንዲሰማ ነው። የቱ ቁልፍ የማን እንደሆነ በክር ቀለም እያሰረች ለየችለት። እጁ አልረሳም ነበር፤ ሞረዱን ከያዘ ድሮ እንደነበረው ነው። የጠፋው ቁጥሩና ስሙ ነው።

አንድ ከሰዓት መሣሪያዋን ይዞ ሲያልበው አገኘችው። የእሷን ልደት ሞክሯል። የተጋቡበትን ቀን ሞክሯል። የቤታቸውን ቁልፍ ጥርሶች እንኳ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ በቁጥር ለውጦ ሞክሯል። ሦስት ሙከራ ቀርቶት ነበር።

«እንንገራቸው» አለችው።

«ቁልፍ ቀራጭ ቁጥር ረሳ ከተባለ ማን በሩን ያምነኛል?» አለ። ከዚያ እጇን ያዘ፤ በሰው ፊት ቀርቶ ለብቻቸው እንኳ እጇን የሚይዝ ሰው አልነበረም። «ማይልኝ። አትነግሪም በይ።»

ማለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች። ሦስቱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱም አንድ። ሳንባ ምች ቀድሞ ወሰደው። በሞተበት ቀን ዐይኑን ገልጦ ስድስት አሐዝ ጥርት አድርጎ ነገራት፤ ወዲያው «አንቺ ማን ነሽ?» ሲል ጠየቃት። የትኛውን እንደምታምን አታውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን እቴቴ አዲሶቹን ጓጉንቸሮች አዩ። እንግዳ ሸኝተው ሲመለሱ ነው፤ ገና ከበር ሳይገቡ ድምፃቸው ገባ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ። «ወንድሜን ሌባ አላችሁት? ከአፈሩ ሳይላመድ?»

አናጢው አንገቱን ደፋ። ፀጉር አስተካካዩ «ኧረ እትዬ፣ ማን ሌባ አለ» ብሎ ጀመረና ተወው። ስልክ ጠጋኙ ጥግ ላይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። መሐላዋን አስባ ደግሞ ጓጉንቸሮቹን አሰበች። እንዳይዋረድ ብላ ዝም ያለችለት ሰው በዝምታዋ ሌባ ሆኗል።

«አልሰረቀም፤ ረስቶ ነው» አለች። «ዓመት ሆነው። ስማችሁን እንኳ እኔ ነበርኩ የማስታውሰው። ቁጥሩም ጠፋበት። አንድ ሙከራ ነው የቀረው።»

እቴቴ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እሳቸውም አያውቁም ነበር።

«ስንት ሲቀር ነው ያወቅሽው?» አለ አናጢው።

«ሦስት።»

«ያኔ ብትነግሪን በደህና ቀኑ አብረነው ተቀምጠን እንፈልግ ነበር። ጊዜም ነበረን፣ ሰውም ነበረን። አንቺ ለሱ ስትይ የሰባት ቤት በር ዘጋሽ፣ እህቴ።»

ልክ ነው። ይህን ሌሊት ሌሊት ለራሷ ብላዋለች፤ ከሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። የስድስቱን አሐዝ ነገር ነገረቻቸው፤ «አንቺ ማን ነሽ» ያላትንም ሳትደብቅ።

«ካልሆነ ገንዘቡ ለዘላለም አይመለስም» አለ ስልክ ጠጋኙ።

አናጢው ፀጉር አስተካካዩን አየው። ፀጉር አስተካካዩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጣ። «ይሞከር» አለ አናጢው። «ተዘግታ ብትቀመጥ ለማን ትሆናለች?»

መሣሪያዋን አመጣች። አሐዞቹን አንድ በአንድ ለስልክ ጠጋኙ ነገረችው፣ እሱም አስገባ። የመጨረሻውን ሲጫን እጁን አየች። ከዚያ ፊቱን።

«ምን አለች?» አሉ እቴቴ።

«እንኳን ደህና መጡ ትላለች» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ሁሉን ሰርዛ እንደ አዲስ ሆናለች። ማንንም አታውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ አለቀሰች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ሰው ያያታል ብላም አላሰበች። እቴቴ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ ያዙ። ስልክ ጠጋኙ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወረቀቱን መንጠቅ ነበረብኝ» ይላል፤ የሚሰማው የለም። አናጢው ባርኔጣውን አንሥቶ አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የተዋሱትን ዕቃ ይመልሱ ጀመር። በኋላ ከአናጢው የመጣ አንድ አጭር አግዳሚ ነበር። ሌላ ሰው ላኪ ቢሏት እምቢ ብላ ራሷ ተሸከመችው። ይሰድበኛል ብላ ነበር የሄደችው፤ መሰደቡ ከዝምታው ይሻላት ነበር።

የፀጉር አስተካካዩ በር ላይ አዲሱ ጓጉንቸር እንዳለ ነው። አናጢው ሱቁን እየከፈተ ነበር። አግዳሚውን ስታስቀምጥ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አየችው፤ ባሏ የገጠመው አሮጌው ነው፣ ጠርዙ ከመነካካት ብዛት ነጥቷል።

«ገንዘቡን አልረሳሁም» አለ አናጢው ፊቱን ሳያዞር። «እንዳይመስልሽ።»

«አይመስለኝም።»

«ወረቀቱ ሲቃጠል እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።» መክፈቻውን ከጓጉንቸሩ አወጣና ወደ እሷ ዘረጋው። «ይሄ አንቺ ጋ ይሁን። ብረሳውም ብሞትም ሌላ ሰው ጋ አንድ ነገር ይኑር።»

ተቀበለችው። አውራ ጣቷን በጥርሶቹ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈች፤ ባሏ ያደርግ እንደነበረው። ሁለተኛው ጥርስ ላይ ቆመች፣ ባሏ ሲቀርጸው ሞረዱ ትንሽ አልፎት ነበር፣ ያን ቀን ሲናደድ ሰምታዋለች።

«የሰው ቁልፍ እኔ ዘንድ አያድርም» አለች።

የአናጢውን እጅ ይዛ መክፈቻውን መዳፉ ላይ አስቀመጠች፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።