የወተት መኪናዋ ሽቦ

«ማነው ወለሉን የጠረገው?»

ቀጮ ይህን የጠየቀችው በቀብሩ ማግስት ጠዋት፣ አባቷ ጋራዥ በር ላይ ቆማ ነው። ቤቱ ለለቀስተኛ ስለጠበበ ወንበሩም አግዳሚውም ወደ ጋራዡ ገብቷል። ዘይት የጠጣው ወለል ታጥቧል፣ መፍቻዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፣ ግድግዳው ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል። አባቷ ይህን ንጽሕና ቢያይ በር ተሳስቻለሁ ብሎ በተመለሰ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ አጎቷ፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ሰው የት ይቀመጥ? ያ ሁሉ ሽቦ መሬት ላይ ተዝረክርኮ!»

«ሽቦው የት አለ?»

«ጥሩ አድርጌ ጠቅልዬ በሲባጎ አስሬዋለሁ። አንዲት ክር አልጠፋችም።»

ጥቅሉ ጥግ ላይ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። እውነትም ጥሩ ተጠቅልሏል። ቀጮ ያገኘችው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ለቅሶ የመሰላቸው ሴቶች «አይዞሽ ልጄ» እያሉ ከበቧት። ለቅሶስ ለቅሶ ነው፤ ግን በዚያች ደቂቃ ያስለቀሳት የአባቷ ሞት አልነበረም። ለዚህም ደግሞ በራሷ አፈረች።

ያ «የተዝረከረከ» ሽቦ ለሁለት ሳምንት መሬት ላይ ተዘርግቶ የቆየው በስንፍና አይደለም። ጋራዡ ውስጥ የቆመችው የአንድ ወተት አከፋፋይ ፒካፕ አሮጌ ሞተሯ ነፍሱ ወጥቶ፣ ከተጋጨ መኪና የተነቀለ ሌላ ሞተር ተገጥሞላታል። ነቃዮቹ ግን ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሽቦውን በፒንሳ እየበጣጠሱ ነው ሞተሩን ያወጡት። አባቷ ሽቦውን ወለሉ ላይ ልክ ሞተሩ በተጋደመበት ቅርጽ ዘረጋው። እያንዳንዱን ጫፍ በሚገባበት ቦታ አስተኛው፤ የነዳጅ መርጫው እዚህ፣ የውሃ ሙቀት መለኪያው እዚያ። ምልክት አላደረገበትም። የምን እንደሆነ የሚያውቀው ካስቀመጠበት ቦታ ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ በዚያው ቀረ።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ሽቦ የቀጮ ሙያ መሆኑ ነው። በዚያ ጋራዥ ሞተሩ የአባት፣ ኤሌክትሪኩ የልጅ ነበር። ይቺን መኪና ግን አባቷ ራሱ ያዛት፤ ምክንያቱ ክርክር ነበር።

«አባዬ፣ ይሄን የተበጣጠሰ ነገር ተወው» ብላው ነበር። «ለብቻው የሚሸጠውን አዲሱን የሞተር ኮምፒዩተር እንግጠም። ነዳጁን መቼ፣ ምን ያህል እንደሚረጭ በላፕቶፕ እነግረዋለሁ። ለኔ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጉልበትም ይጨምርልናል።»

«አይሆንም። ኦርጅናሉ ይገጠማል።»

«ለምን?»

«ሻይ አለ?» አለ አባቷ።

እንዲህ ነበር። ደንበኞቹ «ጋሽ ነገና» የሚል ስም ያወጡለት «አልቋል?» ለሚለው ሁሉ መልሱ «ነገ ና» ስለነበር ነው። ሲጠሩት ይስቃል እንጂ አይቆጣም፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደሚዘገይ አላስረዳም። ቀጮ ለአዲሱ ኮምፒዩተር ትምህርት ከፍላ፣ ምሳ ሰዓቷን ሰውታ ነው የተማረችው። «አይሆንም» ሲላት እውቀቷን የናቀባት መስሏት አኩርፋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የወተት አከፋፋዩ መጣ። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ኮቱ የሱ እንዳልሆነ እጅጌው ይናገራል። እናቷን ጎንበስ ብሎ አጽናና፣ ሻይ ተሰጠው፣ በር አጠገብ ተቀመጠ። ስለ መኪናው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዓይኑ ግን በየመሀሉ ወደ ፒካፗ እየሄደ ይመለሳል፤ ሲመለስ ቀጮን ካገኘ ቶሎ ሻዩ ውስጥ ይደበቃል።

ሚስቱ በሳምንት ሦስቴ የኩላሊት እጥበት አለባት። ሆስፒታሉ ከተራራው ማዶ ነው። እስከ ዛሬ በወንድሟ መኪና ሲያመላልሳት ቆይቷል፤ ወንድሟ ግን በዚህ አርብ ጠዋት መኪናውን ይዞ ሩቅ አገር ለሥራ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ለቀስተኛው በሹክሹክታ የሚያወራውም ይህንኑ ነው።

ቀጮ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። «እርስዎ ለምን አይጠይቁኝም?»

«ኧረ ልጄ! በዚህ ሐዘን ላይ?»

«አርብ ይደርሳል።»

ለምን እንዳለችው አታውቅም። ሰውየው እጇን በሁለት እጁ ይዞ ሳመው። ቃል ከአፍ ይወጣል፣ ሥራው ግን ከእጅ ነው የሚወጣው።

በነጋታው ረቡዕ፣ ለቀስተኛ ሳይበዛ አዲሱን ኮምፒዩተር ከካርቶኑ አወጣች። ምን ምርጫ አላት? ኦርጅናሉ ተጠቅልሎ ተደበላልቋል። አዲሱ የራሱ ንጹሕ ሽቦ አለው፤ እያንዳንዱ ላይ የምን እንደሆነ ተጽፎበታል። እስከ ማታ ሊያልቅ ይችላል። አባቷም ከእንግዲህ «አይሆንም» አይላትም።

ይህን ስታስብ እጇ ቆመ።

ከዚያ ተራራው መጣባት። ሰፈር ውስጥ ያስተካከለችው ነዳጅ፣ አየሩ በሚሳሳበት ዳገት ላይ ቢበዛስ? ሞተሩ ቢታፈንስ? ሴትዮዋ ጋቢና ውስጥ እግሮቿ አብጠው፣ ባልየው የሞተሩን ኮፈን ከፍቶ ቆሞ፣ ስልክ በማይሠራበት ጠመዝማዛ። መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ደግሞ አወጣችው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እሷ ግን ዝግ ብትልም የሚፈስ መሰላት። አጎቷ ከሩቅ አይቶ «ብትበይ ይሻልሻል» አላት።

ከምሳ በኋላ አንድ ሽማግሌ ተደግፈው ገቡ። ከተራራው ማዶ ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው፤ መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሳቸው። አለቀሱ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ቀጮን አጠገባቸው አስቀመጡ።

«አባትሽን በአካል ያገኘሁት ሁለቴ ነው። ብታምኝም ባታምኝም» አሉ።

«ሁለቴ ብቻ? እንዲህ ከልብ ሲያለቅሱ እኮ ወንድምዎ መስሎኝ ነበር።»

«በሥራው ነዋ የማውቀው! እሱ የሠራው መኪና እኛ ጋ ሲቆም ባለቤቱ "ደውሉለት" ይለኛል። አንድ ቀን ደውዬለት አላውቅም። ኮፈኑን ስከፍት ሁሉም ነገር መሆን ባለበት ቦታ ነው። እቃው ገበያ ላይ ያለ፣ ሽቦው ቀለሙን የጠበቀ፣ የኔ መመርመሪያ የሚያነበው። ሌሎች እኮ በራሳቸው ብልሃት ቀጣጥለው ይልኩታል፤ ሠሪው ከሌለ ሬሳ ነው። አንዴ ጠየቅኩት፤ ለምን እንዲህ ትለፋለህ አልኩት።»

«ምን አለ?» ቀጮ ወንበሯን ወደሳቸው አስጠግታ ደገመችው። «ምን አለዎት?»

«"መኪና እኔ አጠገብ አይበላሽም" አለኝ። "የሚበላሸው እኔ የሌለሁበት ነው። ስለዚህ የምሠራው ለሌለሁበት ነው።"»

ቀጮ ተነስታ ወጣች። ከግቢው ግንብ ሥር ቆማ፣ ካባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሌላ ምንም ሳታስብ ስለሱ ብቻ አለቀሰች። የናቃት መስሏት ነበር። አባቷ ግን ያሰበው መኪናው መንገድ ላይ ስለሚቆምበት ሰው ነው፤ ከዚያም አልፎ እሱም እሷም ስለማይኖሩበት ቀን። ይህን ለልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ምን ነበረበት? ተናደደችበት። ናፈቃትም።

ሐሙስ ጠዋት ጥቅሉን ወለሉ መሀል አምጥታ ሲባጎውን በጠሰችው። አጎቷ ጮኸ።

«ምነው! ለቀስተኛ እኮ ሊመጣ ነው!»

«ይምጣ። የሚመጣው ሁሉ ያስፈልገኛል።»

የኦርጅናሉ ኮምፒዩተር ሶኬት ላይ የትኛው ቀዳዳ የምን እንደሆነ ከፋብሪካው ስዕል ታውቃለች። የጠፋባት የሽቦዎቹ ሌላኛው ጫፍ ነው። የቴስተሩን አንድ እግር ሶኬቱ ላይ ሰክታ፣ በሌላኛው ጫፎቹን አንድ በአንድ ትነካለች፤ «ጢጥ» ያለው እሱ ነው። ችግሩ የተገኘው ጫፍ ከሌሎቹ ጋር ተመልሶ መደባለቁ ነው። ስለዚህ ሰው እንዲይዘው አደረገች።

«አክስቴ፣ ይቺን ያዢ። አንቺ ሁለተኛው የነዳጅ መርጫ ነሽ።»

«እኔ? መርጫ?»

«አንተ አጎቴ የአየር መለኪያ ነህ።»

«እሱስ ባዶ አየር መንፋት ከጥንትም ያውቃል» አለች አክስትየው። ከቀብሩ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ተሰማ። ሰው ደንግጦ አፉን ያዘ፤ ከዚያ ተወው። ወንበሮቹ በሞተሩ ቅርጽ ተደረደሩ። የሚገባው ለቀስተኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ሳይጨርስ ሽቦ እየተሰጠው ይቀመጣል። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለ አጎትየው፣ ሐሳቡን የፈጠረው እሱ ይመስል። እዚያው ያደሩት የማዶው ሽማግሌ የውሃ ሙቀት መለኪያ ሆኑ። የወተት አከፋፋዩም ጫፉን በሁለት እጁ፣ የሕፃን ጣት እንደያዘ ሰው፣ ይዞ ተቀመጠ። እናቷ እንኳ፣ ከቀብሩ ጀምሮ ቃል ያልወጣት፣ መዳፏን ዘረጋች። ቀጮ አንዷን ሽቦ ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሽቦዎቹን ከሰው እጅ እየተቀበለች በየቦታቸው አገናኘች፤ ሰው እየቀለለው ተነሳ። የተሰበረውን ቀየረች፣ አላስፈላጊውን መዝዛ አወጣች። ወደ አመሻሹ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንዴ አሳለና ዝም አለ። አንድ የላላ ሶኬት አጥብቃ ደገመችው፤ ተነሳ። ሽማግሌው ከማዶ ያስመጡትን መመርመሪያቸውን ሰክተው አነበቡ፣ «ሰላም ነው» አሉ። እሷ ግን አላመነችም። የሰፈሩን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደች፤ ከዚያ ነው ቁልፉን ያስረከበችው።

«ስልክ ቁጥርሽን ልያዝ?» አላት የወተት አከፋፋዩ። «መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን...»

«ይያዙት። ባያገኙኝም ግን ግድ የለም። ማንም መካኒክ ይሠራልዎታል።»

ይህን ማለት እንዲህ የሚከብድ አልመሰላትም ነበር። መኪናዋ በሩን ወጥታ ታጠፈች፤ ድምጿ እስኪጠፋ ቆማ ሰማች።

ወደ ውስጥ ስትመለስ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። እናቷ ብቻ እዚያው ተቀምጣለች፤ ሽቦው ጭብጧ ውስጥ ነው።

«እማዬ፣ አለቀ እኮ። መኪናው ሄደ። ልቀቂው።»

«እኔ ምንድን ነኝ ያልሽኝ?» አለች እናቷ። ድምጿ ሻክሯል።

«ያንቺ የአውቶማቲክ ማርሽ ሳጥን ነበር። ይቺ መኪና ማርሿ በእጅ ስለሆነ አያስፈልግም። ለዚህ ነው መዝዤ ያወጣሁት።»

እናቷ መዳፏን ከፍታ አየችው።

«ታዲያ ወዴት ላድርገው?»

ቀጮ ጎንበስ ብላ ወንበሮቹ ሥር ሽቦውን ተከትላ ሄደች። ሌላኛውን ጫፍ ስታገኘው አነሳችው፤ ከእናቷ እግር ሥር ቁጭ አለችና ያዘችው።