ከማመልከቻው የወጣው ስም

የፊዚክስ መምህሯ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን ከአዛውንቱ ፕሮፌሰር ጋር ስትጽፍ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመልሶባቸዋል። የጠየቁት ለምርምርም ለማስተማሪያም የሚሆን ድጋፍ ነው፤ ብርድ ሲጠናባቸው ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ከሚያሳልፉ ብረቶች ኳንተም ኮምፒውተር የተባለውን አዲስ ዓይነት የስሌት ማሽን ለመሥራት፣ ሥራውንም ለተማሪዎች ለማሳየት። በዚህኛው ዙር ገምጋሚዎቹ ቤተ ሙከራውን ሊያዩ መጡ።

ፕሮፌሰሩ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ማቀዝቀዣ እያሳዩ ጥሩ አድርገው ጀመሩ። ከዚያ ያሉትን ደገሙት። ሦስተኛ ሲደግሙት ከገምጋሚዎቹ አንዷ መጻፏን አቆመች። መምህሯ ጣልቃ ገብታ ወሬውን አስቀየረች።

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ ደረሰ። ድጋፉ ሊሰጥ ታስቧል፤ ሥራውን የሚመራው ማን እንደሆነ ግን እንደገና በጽሑፍ ይረጋገጥ ይላል። መሪ ተብለው የተጻፉት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ሁለት ቀን ቆየች። ሽቦ መበየድ ያስተማሯት፣ አባቷ ሲሞት ከቤተሰቡ ጋር መቃብሩ አፋፍ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው። በምን አፏ ትንገራቸው?

በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄደች። ሚስታቸው በሩን ከፍተው፣ «ግቢ ልጄ፣ ሲጠብቅሽ ነው የዋለው» አሏት።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ መጥቶ...» ብላ ጀምራ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ስሜን ከማመልከቻው አውጪው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«አንቺማ ብትሞቺም አትይም። እኔ ነኝ የምልሽ። ትናንት የገዛ ቤቴ መታጠፊያ ጠፍቶኝ ጎረቤት ነው ያመጣኝ። ማሽኑ የሚረሳ ሰው አይወድም፤ አንድ ቧንቧ ሳይዘጋ ቢያድር የስንት ዓመት ልፋት ገደል ይገባል።» ቀና አሉ። «ማስተማሩን ግን አትከልክዪኝ። እዚያ ብሳሳት ተማሪ ያርመኛል።»

እንባዋ መጣ። መልሱን እሳቸው እየተናገሩ እሷ ጻፈች፤ ፈረሙበት።

ድጋፉ በስሟ ጸደቀ። ፕሮፌሰሩ ማክሰኞ ማክሰኞ አዲሶቹ ተማሪዎች ፊት ይቆሙ ጀመር፣ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ። አንዳንዴ ሐሳቡ መሀል መንገድ ላይ ይጠፋቸዋል፤ ያኔ አንዷ ተማሪ የቀረውን ታቀብላቸዋለች፣ «እደጊ» ብለው ይቀጥላሉ። ሰባት ሳምንት እንዲህ አስተማሩ። በስምንተኛው ሚስታቸው ደወሉ።

«ዛሬ መውጣቱን ፈራ፣ ልጄ። ክፍሉን ባዶ እንዳታደርጊው ብሏል።»

መምህሯ ስልኩን ዘግታ ተማሪዎቹ ወዳሉበት ክፍል ገባች፤ እሳቸው ካቆሙበትም ቀጠለች።