የዘጠኝ ሰዓቱ ድምፅ

አንዱዓለም መሰላል ላይ ቆሞ የድንጋዩን ግድግዳ በመሰርሰሪያ ሲታገል፣ የትናየት ከታች መሰላሉን ደግፋ በየደቂቃው ሰዓቷን ታያለች። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሥራው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ አለበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚህ ቤት ውስጥ የሞተ ሰው ይናገራል። ዛሬ ሳይናገር ከቀረ፣ በውስጠኛው ክፍል የተኙት አባቷ ሰባት ወር ሙሉ የተደበቁትን ነገር ሊያውቁ ነው።

"አያትሽ ይኼን ቤት ሲያሠሩ ምን ይመጣብኛል ብለው ነው?" አለ አንዱዓለም፣ አቧራውን ከቅንድቡ እየጠረገ። "ግማሽ ሜትር ድንጋይ እኮ ነው። ዋይፋይ ነፍስ አይደለም፣ ግድግዳ አልፎ የሚሄድ።"

የደነገጠው ቃሉ ካመለጠው በኋላ ነው። የትናየት እንዳልሰማች ሆነች። መሰርሰሪያው እንደገና ጮኸ።

አዘዞ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አሁን ጥቂት ነው። ክረምት አይበርድም፣ በጋ አይሞቅም፣ ለኢንተርኔት ግን ወህኒ ቤት ነው። ከሳሎን የተነሣ ዋይፋይ የአባቷ ክፍል ደጃፍ ላይ ይሞታል፤ የስልክ ኔትወርክም ያው ነው። የትናየት አባቷን እያስታመመች ከክፍላቸው ደጃፍ ሆና አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ለትምህርት ቪዲዮዎች ጽሑፍ እያዘጋጀች ትሠራለች፤ ስብሰባ ላይ አፏን ስትከፍት መስመሩ ይቋረጣል። አለቃዋ በጨዋ ደንብ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተዋታል። ዛሬ ዓርብ ነው።

መስመሩን መጀመሪያ የዘረጋው ወንድሟ ልዑልቃል ነበር። ሌላ ሰው በመጀመሪያ ደመወዙ ጫማ ይገዛል፤ እሱ ባለ ሃያ አራት ቀዳዳ የኔትወርክ ማከፋፈያ ስዊች ገዛ፣ ያውም ለአራት ሰው ቤት። ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር ቦርሳው ውስጥ ከልብሱ ይልቅ ኬብሉ ይበዛል። ጓዳ ውስጥ ከጤፉ ጆንያ አጠገብ የብረት መደርደሪያ አቆመ፤ ስዊቹን፣ መብራት ሲጠፋ የሚረከቡ ባትሪዎችንና ሌት ተቀን የማትተኛ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ደረደረበት። ጎረቤት "ባንክ ልትከፍቱ ነው?" እያለ ይስቅ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ይመኙሽ እንኳ አቧራ እንዳይነካው ብለው ነጠላ አልብሰውታል። አብሮ አደጉ አንዱዓለም፣ ዛሬ ጎንደር ፒያሳ የኮምፒውተር ሱቅ ያለው፣ ሙያውን የለመደው እዚያ መደርደሪያ ሥር ተቀምጦ ነው።

የአባቱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ልዑልቃል ከአልጋው ራስጌ፣ በቀጭን የድምፅ ሽቦ ከጓዳው የተያያዘች አንዲት ድምፅ ማጉያ ሰቅሏል። መሪጌታ ሐብተ ማርያም አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነ። ጾም ሆነ ፍስክ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም፤ የንስሐ አባታቸው ቢለምኗቸውም እምቢ ብለዋል። መድኃኒታቸውም ስለዚህ የዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ትንሿ ኮምፒውተር ሰዓቱ ሲደርስ የልጃቸውን ድምፅ ታሰማቸዋለች፣ "አባባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ትንሽ እህል ይቅመሱና መድኃኒትዎን ይውሰዱ።" ልዑልቃል ድምፁን በየወሩ ከአዲስ አበባ ሆኖ ያድሰው ነበር፤ መጨረሻው ላይ አንድ ሁለት ቃል ወሬ ይጨምርበታል። በመጨረሻው ላይ የጨመረው "ለጥምቀት እመጣለሁ" የሚል ነበር።

መጥቶም ነበር። ጎንደር ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ።

ሐኪሙ ድንገተኛ ድንጋጤ መሪጌታን እንደሚገድላቸው አስቀድሞ ተናግሯል። ስለዚህ ዘመድ መከረና መርዶው ይቆይ ተባለ፣ ትንሽ እስኪበረቱ። ልዑልቃል በእናቱ አገር ኮላ ድባ ተቀበረ፤ ለቅሶውም አርባውም እዚያው በአጎቱ በኪዳነ ማርያም ቤት ተደረገ። ወይዘሮ ይመኙሽ ለባላቸው እህቴ ታማለች ብለው ሄደው ጥቁር ለብሰው ተመለሱ። ጥቁሩን መሪጌታ አያዩትም። ልጅዎ ለሥልጠና ቻይና ሄዷል፣ ከዚያ ስልክ አይቀናም፣ ድምፁ ግን በኔትወርኩ ይመጣል ተባሉ። አንዱዓለምም በወይዘሮ ይመኙሽ ልመና የጥምቀቱን ቃል ከድምፁ ላይ ቆረጠው። ሥራው ንጹሕ ስለሆነለት በልቡ ኮርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልዑልቃል በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። መሪጌታም ሁልጊዜ "እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ" ብለው ይመልሱለታል። የትናየት ሰዓቱ ሲቃረብ ጆሮዋን በማዳመጫ ትደፍናለች። ቃሎቹንስ ለምዳቸዋለች፤ የሚያስፈራት ከቃሎቹ በኋላ የምትመጣው ትንፋሽ ናት። አንዲት አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ትሳባለች፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። የትናየት ያንን ድምፅ ትፈራዋለች፤ ድምፁ የሚጠፋበትን ቀን ደግሞ ከዚያ አብልጣ ትፈራለች።

በሰባት ሰዓት ተኩል ኬብሉ ግድግዳውን አለፈ። አንዱዓለም አዲሱን ራውተር ጓዳ ውስጥ አሰረ፣ ክብ ነጭ የዋይፋይ ማሠራጫ በአባቷ ክፍል ኮርኒስ ላይ ሰቀለ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ያዳምጡታል። እጁ ሸጋ ነው ብለው መረቁት። ነገሩ የተበላሸው ትንሿን ኮምፒውተር ከአዲሱ መስመር ጋር ለማገናኘት አጥፍቶ ሲያበራት ነው። ባትሪዎቹ ከደከሙ ወዲህ በክረምቱ የመብራት መቆራረጥ ስትንገላታ የከረመች ኮምፒውተር፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለችና በዚያው ቀረች።

"ድምፁ ፍላሼ ላይ አለ፣ አይዞሽ" አላት የትናየትን ፊቷን ሲያይ። "ከሱቅ ይዣት የመጣሁትን ትርፍ ኮምፒውተር ግን ከባዶ ነው የምጭናት። በስልክ ብናሰማቸው ደግሞ ጆሯቸው ይለየዋል።"

"እስከ ዘጠኝ ይደርሳል?"

አንዱዓለም ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ወይዘሮ ይመኙሽ ነገሩን ሲሰሙ ጓዳው በር ላይ መጥተው ቆሙ። ጣታቸውን እያፍተለተሉ፣ ለአንዱዓለም ሳይሆን ለመደርደሪያው የሚነግሩ ይመስል፣ "እንዳታሳልፈው፤ አንድ ቀን እንኳ እንዳታሳልፈው" አሉ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ሆነ። አንዱዓለም ላቡ ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ ገና ሃያ ደቂቃ እንደሚፈልግ ተናገረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ።

የትናየት መድኃኒቱን፣ ውኃውንና በሳህን የቀረበውን ሽሮ ይዛ ወደ አባቷ ገባች። የምትለውን ውሸት መንገድ ላይ አዘጋጅታዋለች፤ ዛሬ የቻይና መስመር ተበላሽቷል ልትል ነው። የፍልሰታው ቅዳሴ ደወል ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ከሩቅ ተሰማ። ዘጠኝ ሰዓት። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ።

መሪጌታ ደኅናውን እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ" አሉ።

የትናየት አእምሮአቸው የሳተ መሰላት። "አባባ፣ ዛሬ እኮ ድምፁ አልመጣም።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያ ለማን ነው እሺ የሚሉት?"

"ለልጄ ነዋ።" ዓይናቸው ወደ ኮርኒሱ ነው። "ተቀመጪ። ስንት ዓመት ዜማ አስተማርሁ?"

"አርባ ዓመት።"

"አርባ ዓመት የሰው ትንፋሽ ሳዳምጥ ኖርሁ። ተማሪ ቃሉን ሳያወጣው ከአተነፋፈሱ አውቅበታለሁ። ያ ልጅ መድኃኒትዎን ይውሰዱ ይልና ትንፋሽ ይስባል። ሊናገር ነው። ከዚያ ይቀራል።" ፊታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዞሩ። "የገና በዓል ሳይደርስ በዚያች ትንፋሽ ላይ ለጥምቀት እመጣለሁ ይል ነበር። ጥምቀት ሲያልፍ ትንፋሿ አለች፣ ቃሉ የለም። ማን እንደቆረጠው አላውቅም። ለምን እንደተቆረጠ ግን የዚያን ዕለት አወቅሁት።"

የትናየት የሽሮውን ሳህን ከጉልበቷ አንሥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ሰባት ወር ያንን ትንፋሽ ስትፈራው፣ አባቷ በየቀኑ ብቻቸውን ጠብቀውታል። ይህን ስታስብ በእናቷም በራሷም፣ በሐኪሙም አፈረች።

"ምነው እስከዛሬ ዝም አሉ?" አለች እንደምንም።

"እናትሽ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከዚያ በር ሥር መጥታ ትቀመጣለች። ትንፋሿን እሰማዋለሁ። የምትነሣውም ድምፁ ሲያልቅ ነው። እኔ አውቄአለሁ ካልሁ ይኼ ነገር ይዘጋል። ልጇን ሁለተኛ እንዳልቀብርባት ብዬ ነው።" መዳፋቸውን ጨበጥ አደረጉ። "አሁን ግን ደከመኝ የትናየት። እኔ እኮ ልጄን አላለቀስሁም። እሺ፣ እሺ ስለው ሰባት ወር ሆነኝ።"

በሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። አንዱዓለም ነው፤ ኬብል በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ሁሉንም ይስማ ግማሹን አይታወቅም፤ ፊቱ ግን ዐመድ መስሏል። ከኋላው ወይዘሮ ይመኙሽ በጥቁር ልብሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል።

"ኮምፒውተሯ ተነሣች፤ መስመሩም ሠርቷል" አለ አንዱዓለም በሹክሹክታ። "ድምፁን ላስገባው?"

የትናየት እናቷን አየች። ወይዘሮ ይመኙሽ አታስገባው አላሉም፣ አስገባውም አላሉም። እንደ ልማዳቸው ግን በሩ ሥር አልተቀመጡም። ገብተው ባላቸው እግር ሥር አልጋው ላይ ተቀመጡና በጋቢው ላይ እግራቸውን ያዙ።

"ቆይ" አለችው የትናየት።

ስልኳን አወጣች። ከዚህ ክፍል ስልክ ተደውሎ አያውቅም። ከወንድሟ ሞት ወዲህ የእሱን ነገር የሚነካ ንግግር ሁሉ ግቢ ውስጥ ኮክ ዛፏ ሥር ነው የሚነገረው፣ ዝናብም ቢሆን። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው፤ የመሪጌታ ጆሮ የማይደርሰውም እዚያ ነው። አጎቷ እንኳ ስልኩን ሲያነሡ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት ውጭ መውጣቷን ነው። አሁን ስልኳ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ቆሟል። እግሯ ልማዱን አልረሳም፤ ተነሥታ እስከ ደጃፉ ድረስ ሄደች። ከዚያ ተመለሰችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መድኃኒቱን አባቷ መዳፍ ላይ አኖረች። እጃቸውንም ሳትለቅ በዋይፋዩ ኮላ ድባ ደወለች።

ድምፁ ሳይቆራረጥ፣ አጠገቧ ያሉ ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

"ውጭ ወጥተሻል?" አሉ አጎቷ።

"አልወጣሁም አያ ኪዳነ ማርያም። አባባ አጠገብ ነኝ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹንና የንስሐ አባታችንን ይዘው ይምጡ፤ መርዶውን ንገሯቸው።"